የአበባ ሥዕል በፍሌሚሽ የዘይት ቀለም አሠራር፦ ከነጩ መደብ እስከ ቫርኒሹ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ በአንትወርፕና በአካባቢዋ የተሣሉትን ፍሌሚሽ የሚባሉትን የአበባ ሥዕሎች በቅርብ ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገርመው ቀለሙ ያን ሁሉ ብርሃን ከየት እንዳገኘ ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው። ሠዓሊው በመጀመሪያ ነጭ መደብ፣ ማለትም ከቀለሙ በታች የሚቀባ ነጭ ንጣፍ፣ አዘጋጅቶ ቀለሙን በላዩ በስሱ ስለደራረበ፣ የክፍሉ ብርሃን በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነጩን ይነካና ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይወጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮት ፀሐይ ሲያርፍበት የሚበራውም በተቀራራቢ መንገድ ነው። ቀይን ከነጭ ጋር ቀላቅሎ ሮዝ ማውጣትና በነጭ ላይ ስስ ቀይ ማልበስ በስም አንድ ቢሆኑም ለዓይን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ከዚህ በታች የተጻፈው የሥራ ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ የታችኛውን ብርሃን ያዳፈነ ሠዓሊ በኋላ የፈለገውን ያህል ነጭ ቢጨምር መልሶ አያገኘውም።

ይህ መመሪያ የዘይት ቀለም ይዞ ለሚያውቅ፣ ነገር ግን በድርብ ሽፋን ሠርቶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ሲሆን፣ ዓላማውም አንድ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ማድረስ ነው። ኋላ የሚቀባው ቫርኒሽ ሳይቆጠር ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የአበባው ባለቀለም ቅጠልና የግንዱ አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ስም ሲጠሩ ግራ ስለሚያጋቡ፣ እዚህ የመጀመሪያውን ቅጠለ አበባ፣ ሁለተኛውን ቅጠል ብቻ እላቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበቦቹን መሰብሰብ

የፍሌሚሽ የአበባ ሥዕል እውነት የሚመስል ፈጠራ ነው። በአውሮፓ ናርሲስና ቱሊፕ የሚያብቡት በጸደይ ነው፤ ጽጌረዳ ደግሞ በበጋ፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አብረው የተሰካኩት አበቦች በዚያ ዘመን በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። የአንትወርፑ ሠዓሊ ያን ብሩገል (1568–1625) በ1606 በሚላን ለነበሩት ለካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዮ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአንትወርፕ የማይገኙ አበቦችን ዓይኑ እያየ ለመሣል እስከ ብራስልስ ድረስ መሄዱን ገልጾላቸዋል። የአምስተርዳሙ ሠዓሊ ያን ቫን ሁይሰም ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቢጫ ጽጌረዳ ባለማግኘቱ ሥዕሉ ሳያልቅ መክረሙን ጽፎ አሳውቋል፤ በለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ ከሚገኙት ሥዕሎቹ በአንዱ ላይ 1736 እና 1737 የሚሉ ሁለት ዓመቶች መጻፋቸውም የአሠራሩን ጠባይ ያሳያል። በአንትወርፕ ተወልዶ በሚድልበርግ ይሠራ የነበረው አምብሮሲዩስ ቦስካርት (1573–1621) ሌላ መንገድ ነበረው፤ ያው አንድ አበባ በተለያዩ ሥዕሎቹ ውስጥ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ከጥናት ሥዕል እየገለበጠ ይሠራ እንደነበር መረዳት ይቻላል።

ለጀማሪ የሚሻለው የቦስካርት መንገድ ነው። ብሩሽ በዋናው ሥዕል ላይ ከማረፉ በፊት ለእያንዳንዱ አበባ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነና መደብ በተቀባ ወፍራም ወረቀት ላይ አንድ የቀለም ጥናት ይሥሩ። አበባው ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት አንድ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ከበስተኋላው ጥቁር ካርቶን ይደገፍ፤ ብርሃኑም ለሁሉም ጥናቶች ከላይ ከግራ በኩል ይምጣ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ አበባ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ በርቶ የተሣለ እቅፍ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይለይም እንኳ፣ የተለጣጠፈ መሆኑ ያስታውቅበታል።

በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ጽጌረዳ ለማግኘት አይቸገርም፤ ከሆለታና ከዝዋይ እርሻዎች ወደ ውጭ የሚላከው አበባ ለአገር ውስጥ ገበያም ይተርፋል። ይሁን እንጂ ያ አበባ ለጉዞ ተብሎ የተመረጠ ረጅም ግንድ ያለው ጠባብ እምቡጥ ሲሆን፣ የድሮዎቹ የሣሉት ባለ መቶ ቅጠል የሚባለው ጽጌረዳ ግን ከክብደቱ የተነሣ አንገቱን የሚደፋ፣ እንደ ጎመን የተደራረበ ነው። ስለዚህ የገዙትን ጽጌረዳ በዚያው ቀን አይሣሉት። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ውሃውን እየቀየሩ አራትና አምስት ቀን ያቆዩት፤ የውጭዎቹ ቅጠለ አበባዎች ወደ ኋላ ተቆልምመው መሐሉ ሲከፈት ያን ጊዜ ይጀምሩ። ሊረግፍ ሁለት ቀን የቀረው ጽጌረዳ ትኩስ ከተቆረጠው ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ጥናቶቹ ሲሟሉ በወረቀት ላይ ቆራርጠው እያንቀሳቀሱ ያቀናብሯቸው። እቅፉ ከማስቀመጫው ቁመት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ትልልቆቹና ፈዛዛዎቹ አበቦች ወደ መሐል፣ ጠቆር ያሉትና ትንንሾቹ ወደ ዳር፣ ረጅም ግንድ ያለው ቱሊፕ ወይም አይሪስ ወደ አናት ይውጣ። በሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር የሚገኘው የቦስካርት በመስኮት ላይ የቆመ የአበባ ማስቀመጫ እያንዳንዱን አበባ እንደ መልክ ሥዕል ፊት ለፊት አሰልፎ እኩል ያበራቸዋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ያን ዴቪድስ ደ ሄም ግን አንዳንዶቹን ጀርባቸውን አዙሮ፣ አንዳንዶቹንም ከጨለማው ውስጥ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ አውጥቶ ይሥላቸዋል። እኔ የደ ሄምን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በጥላ ውስጥ ያሉት አበቦች አድካሚ ዝርዝር ስለማይጠይቁ ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

መደቡ

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአበባ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት በባሉጥ ሳንቃ ወይም በመዳብ ዝርግ ላይ ነው፤ ሁለቱም ለስላሳና የማይተጣጠፉ ስለሆኑ ለደቃቅ ሥራ ይመቻሉ። ዛሬ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ የሚባለው ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሳንቃ ይበቃል። በተወጠረ ሸራ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ከዚህ ቀጥሎ የተገለጸውን የጠመኔ መደብ ግን ሸራ ላይ አይቀቡት፤ ሸራው በተነካ ቁጥር ስለሚወዛወዝ መደቡ ይሰነጣጠቃል።

በሰሜን አውሮፓ መደቡ የሚዘጋጀው ከጠመኔና ከእንስሳት ቆዳ ኮላ ሲሆን በጣሊያን ከጀሶ ይዘጋጅ ነበር። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ የእንጨት ሥዕሎችም በጀሶ መደብ ላይ ስለተሠሩ፣ ይህን ሥራ ከእጅ በእጅ የተማሩ ሰዎች በአገራችን አሉ። 70 ግራም የቆዳ ኮላ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ በማግስቱ ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያሟሙት። ከፈላ የመያዝ ኃይሉን ስለሚያጣ እሳቱ ላይ በቀጥታ አይጣዱት። በመጀመሪያ ኮላውን ብቻውን በሳንቃው ፊትም ጀርባም ይቀቡ፤ አንድ ጎኑ ብቻ የተቀባ ሳንቃ ይቆለመማል። ሲደርቅ የተነፋ ጠመኔ ሞቅ ባለው ኮላ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሱ፣ ውፍረቱ እንደ ቀጠን ያለ አጥሚት እስኪሆን ድረስ ቀስ ብለው ያማስሉ፤ መምታት አረፋ ያስነሣል፣ አረፋውም በመደቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦችን ይተዋል። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ፣ አንዱን በቁመት ሌላውን በአግድም፣ እያደረቁ ይቀቡ። በመጨረሻ ጣት ሲሄድበት እንደ እንቁላል ቅርፊት እስኪለሰልስ ድረስ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ያለስልሱት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው በቆርቆሮ የሚሸጠውን የአክሪሊክ መደብ አራት ጊዜ ቀብቶ በደንብ ቢያለሰልስ ውጤቱ አያሳፍርም።

ንድፉን ከወረቀት ወደ ሳንቃው ለማሸጋገር የወረቀቱን ጀርባ በከሰል አሽተው በፊቱ በኩል ባለው መስመር ላይ በሹል እርሳስ ይሂዱበት። መስመሩን በቀጭን ብሩሽና በውሃ በቀጠነ ቀለም አጥብቀው ከሰሉን ያራግፉ። ከዚያም ጥሬ ኡምበር የሚባለውን ቡናማና ጥቂት ኦከር የሚባለውን የአፈር ቢጫ በዘይትና በተርፔንታይን አቅጥነው ሳንቃውን በሙሉ ይቀቡና ወዲያው በጨርቅ ጠርገው ያንሡት፤ የሚቀረው እንደ ቀጭን ሻይ ያለ ቡናማ ሽፋን ሆኖ ንድፉ ከሥሩ ይታያል። ይህ ኢምፕሪማቱራ የሚባለው ሽፋን መደቡ ከላይ የሚመጣውን ቀለም ዘይት እንዳይመጥ ከማድረጉም በላይ፣ ዓይን ብርሃኑንና ጥላውን የሚመዝንበት መካከለኛ መነሻ ይሰጣል።

ዘይቱና ቀለሞቹ

ዘይትን ለሥዕል የፈለሰፈው የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሌሚሽ ሠዓሊ ያን ቫን አይክ ነው የሚለው፣ የጣሊያናዊው የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ የቫሳሪ ታሪክ እስከ ዛሬ ይደጋገማል፤ ሆኖም ቫን አይክ ከመወለዱ ብዙ አስቀድሞ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቴዎፍሎስ የሚባል መነኩሴ የጻፈው መጽሐፍ ቀለምን በተልባ ዘይት ስለ መፍጨት ያስተምራል። አዎ፣ በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ ነው። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ወደ ጠንካራ ሽፋን ስለሚለወጥ ለሥዕል ተስማሚ ሆነ። ለምግብ የተጨመቀው ግን ዝልግልግ ነገር ስለማይጠፋው፣ ለሠዓሊ ተብሎ የተጣራውን መግዛት ይገባል። የኑግ ዘይት ቀስ ብሎ ቢደርቅም ሽፋኑ ለስላሳ ስለሚሆን አልመክረውም፤ የፓልም ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይደርቅም። ማቅጠኛውም የቤት ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት አኳራጅ ሳይሆን የተጣራ ተርፔንታይን ይሁን፤ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ፦ እያንዳንዱ ሽፋን ከበታቹ ካለው ይልቅ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ዘይት የበዛበት ሽፋን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ይለጠጣልም፤ በላዩ ደረቅና ግትር ቀለም ከተቀባበት የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽፋን በተርፔንታይን ብቻ ይቅጠን፤ ለመጨረሻዎቹ ስስ ሽፋኖች ግን አንድ እጅ ስታንድ ኦይል የሚባለውን የወፈረ የተልባ ዘይት ከሁለት እጅ ተርፔንታይን ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙ።

የድሮዎቹ ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ፣ ደማቁ ቀያቸው ከሜርኩሪ የሚወጣ ቨርሚሊዮን፣ ውዱ ሰማያዊያቸው ከአፍጋኒስታን የሚመጣ ላፒስ ላዙሊ፣ ብርሃን አሳላፊው ቀያቸው ማደር ከሚባል ተክል ሥር የተነጠረ ነበር። መርዛማዎቹን ለመተካት የሚከተሉት ይበቃሉ፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን፣ አልትራማሪን፣ ብርሃን አሳላፊ የብረት ኦክሳይድ ቢጫ፣ ጥሬ ኡምበርና የአጥንት ጥቁር። ካድሚየምም ቢሆን ወደ አፍ የሚገባ ነገር ስላልሆነ ብሩሽ በከንፈር አያሹሉ። አሊዛሪን ሲገዙ የቱቦውን ጀርባ ያንብቡ፤ ፒ.አር. 83 የሚል የቀለም መለያ ቁጥር ካለበት በስስ ሽፋን ጊዜ በብርሃን ስለሚደበዝዝ «ፐርማነንት» የተባለውን ይምረጡ። ዚንክ ነጭን ደግሞ ይተዉት፤ ከዓመታት በኋላ እየተሰባበረ ይፈነቀላል።

ብሩሽ ብዙ አያስፈልግም። ለሰፊው ሥራ ሁለት ጠፍጣፋ፣ ለአበቦቹ ለስላሳ ጠጉር ያላቸው ቁጥር 2 እና 4፣ ለጅማቶቹ አንድ ቁጥር 0፣ ቀለም ሳይነካ ለማለስለስ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ሰፊና ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። እጅ በእርጥብ ቀለም ላይ እንዳያርፍ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀጭን በትር ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው መደገፊያ ያድርጉ።

ሙቱ ሽፋን

ደቾች (ሆላንዳውያን) የመጀመሪያውን የቀለም ሽፋን «ሙት ቀለም» ይሉት ነበር፤ ሕይወት የሚዘራበት ከላዩ የሚመጣው ስለሆነ ነው። ዛሬ በየሥልጠናው «ባለ ሰባት ሽፋን የፍሌሚሽ ዘዴ» የሚባል ነገር ሲሰጥ ይሰማል። ለመማሪያ አይከፋም፤ ነገር ግን የቤተ መዘክር ባለሙያዎች ከድሮ ሥዕሎች ቅንጣት ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በአንድ ቅጠለ አበባ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሽፋን ነው። ሰዎቹ በሥዕል የሚኖሩ ነጋዴዎችም ስለነበሩ በማያስፈልግ ሽፋን ቀን አያባክኑም ነበር።

በዚህ ሽፋን መጀመሪያ የኋላውን ጨለማ ያስገቡ። ከቱቦው የወጣ ጥቁር ብቻውን ቀዳዳ ስለሚመስል፣ ኡምበርን ከጥቁርና ከጥቂት አልትራማሪን ጋር ቀላቅለው፣ ብርሃኑ በሚመጣበት በግራ በኩል ጠቆር፣ በቀኝ በኩል ፈካ ያድርጉት፤ የአበባው ብሩህ ጎን በጨለማ ላይ፣ ጨለማው ጎን በፈካው ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱም ይለያሉ። ከዚያ ለየአበባው መሠረቱን ይስጡ። ለቀይ አበባ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ለሰማያዊ ነጭ የበዛበት ሰማያዊ፣ ለነጭ አበባ ንጹሕ ነጭ የሌለበት ቀላል ግራጫ፣ ለቢጫ ደግሞ ቢጫና ኦከር። የቢጫን ጥላ በኦከርና በኡምበር እንጂ በጥቁር አያውጡ፤ ቢጫ ከጥቁር ጋር አረንጓዴ ይሆናል። ሁሉም ነገር በመጨረሻ ሊሆን ከሚገባው ይልቅ ግማሽ ደረጃ የፈካ ይሁን፤ በላዩ የሚመጣው ስስ ሽፋን ያጠቁረዋልና።

ከዚህ በኋላ ሥዕሉን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይተዉት። ኡምበር ያለባቸው ቦታዎች በሁለት ቀን ይደርቃሉ፤ ቲታኒየም፣ ጥቁርና አሊዛሪን ግን ይዘገያሉ። በአዲስ አበባ ክረምት፣ ብርድና እርጥበት ሲደራረቡ፣ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል። መድረቁን ለማረጋገጥ በማይታይ ጥግ ጥፍር ጫን ያድርጉ፤ ምልክት ከቀረ አልደረቀም።

አንዲት ጽጌረዳ በቅርብ

የደረቀው ሽፋን አዲሱን ቀለም እንደ ውሃ በቅባት ላይ ሊያንከባልለው ይችላል። የድሮ ሠዓሊዎች ለዚህ መፍትሔ ከሚሉት አንዱ ቦታውን በተቆረጠ ሽንኩርት ማሸት ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፣ ክፍሉም የወጥ ቤት ሽታ ይሸታል። ያለዚያ በጣት ጫፍ የተነካ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ አሽተው ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ ያንሡ።

ጽጌረዳዋን ከመቶ ቅጠለ አበባ አስቀድመው እንደ አንድ ሲኒ ይመልከቷት። ብርሃን ከግራ ሲገባ የሲኒው የግራ ከንፈር ውጩ ይበራል፣ ውስጡ ይጨልማል፤ በቀኝ በኩል በተቃራኒው ውስጡ ይበራል፣ ውጩ ይጨልማል። ይህ ትልቅ ቅርጽ በሮዙ መሠረት ላይ አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ ቅጠለ አበባዎቹ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሣሉ አበባው እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ይሆናል።

አሊዛሪንን ከወፈረው ዘይት ጋር ቀላቅለው መላዋን ጽጌረዳ ያልብሷት። ለአንድ አፍታ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ሆኖ ሥራው የጠፋ ይመስላል፤ አይደንግጡ። ሁለት ደቂቃ ቆይተው በደረቁ ሰፊ ብሩሽ ነካ ነካ እያደረጉ ቀለሙን ያንሡ፦ ብርሃን ከሚነካቸው ቅጠለ አበባዎች ብዙ፣ ከጎኖቹ ጥቂት፣ ከመሐሉ ምንም። ሮዙ ከሥር እየወጣ ሲመጣ፣ በሁለት ቅጠለ አበባዎች መካከል ያለው ጥልቀት ቡናማ ወይም ጥቁር ሳይሆን የጋለ ቀይ ሆኖ ይታያል። በእውነተኛዋ ጽጌረዳም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን በቀጫጭኖቹ ቅጠለ አበባዎች ውስጥ እያለፈ ጥላውን ያሞቀዋል። በጽጌረዳ ልብ ውስጥ ቡናማ ማስገባት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ የተቃጠለ ያስመስላታል።

ይህ ከደረቀ በኋላ አሊዛሪን ከጥቂት አልትራማሪን ጋር ለጥልቆቹ ስንጥቆች ብቻ ይግባ። ሲደርቅ በመጨረሻ ብርሃኖቹ ይመጣሉ። ነጭ ላይ ለምልክት ያህል ቀይ ነክተው፣ ሳያቀጥኑ፣ ብሩሹን በተቆለመመው ከንፈር ላይ ጫን አድርገው አሳርፈው ወደ ውስጥ በአንድ ጉተታ ይልቀቁት። ቀለሙ መነሻው ላይ ወፍራም ሆኖ ይጀምርና ራሱን በራሱ ይቀጥናል፤ ይህን በሁለተኛ ብሩሽ ላስተካክል ማለት ያበላሸዋል። በአንዲት ጽጌረዳ ላይ እንዲህ ያለ ብርሃን ከሰባት ወይም ከስምንት ቦታ በላይ አይኑር።

ባለ ሸንተረር ቱሊፕ ከፈለጉ ነጩን መሠረት አድርቀው ቀዩን ከአናቱ ጠርዝ ወደ እግሩ፣ የቅጠለ አበባውን ጎባጣ ተከትለው፣ እንደ ነበልባል እያቀጠኑ ያውርዱት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆላንዳውያንን በዋጋው ያሳበደው ይህ ሸንተረር ክሽክሽ የምትባል የዕፅዋት ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት የምታስተላልፈው የቫይረስ በሽታ ውጤት ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ሸንተረር አንድ ዓይነት አይሁን፣ በሽታ ሥርዓት የለውም።

ቅጠሎቹና ጠብታው

በብዙ የድሮ የአበባ ሥዕሎች ውስጥ ቅጠሎቹ ዛሬ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ ከሰማያዊ በላይ ከዕፅዋት የተነጠረ ቢጫ በስሱ እያለበሱ አረንጓዴ ያወጡ ነበር፤ ቢጫው በብርሃን ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። እርስዎ ዘዴውን ወስደው ቀለሙን ይለውጡ፦ በደረቀ ግራጫ ሰማያዊ መሠረት ላይ ብርሃን አሳላፊውን የብረት ኦክሳይድ ቢጫ ያልብሱ፤ እርሱ ከማዕድን ስለሆነ አይጠፋም። የሁሉም ቅጠል አረንጓዴ አንድ እንዳይሆን፣ ከፊት ያሉት ቢጫነት፣ ወደ ኋላ የሚገቡት ግራጫነት ይኑራቸው። ሰማይ የሚያንጸባርቁ አንጸባራቂ ቅጠሎች ላይ ነጭና ጥቂት ሰማያዊ በደረቅ ብሩሽ ይለፍባቸው፤ ከጥላው ጎን የሚገኙ ጠርዞች ደግሞ ከኋላው ጨለማ ጋር ተዋህደው ይጥፉ። በአንዱ ቅጠል ላይ በትል የተበላ ቀዳዳም ይጨመር።

የውሃ ጠብታ ሰው ሁሉ አስማት የሚመስለው ነገር ነው፤ ሆኖም አራት ንክኪ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቅጠል መድረቁን ካረጋገጡ በኋላ፣ ብርሃኑ በሚመጣበት በግራ በኩል የጠብታውን ውስጥ ከቅጠሉ ጥቂት ያጥቁሩት፤ በተቃራኒው በቀኝ በኩል ውስጡን ከቅጠሉ ጥቂት ያፍኩት፣ ብርሃን በውሃው ተሰብስቦ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ከጠብታው ውጪ በቀኝ በታች ጠባብ ጥላ ያድርጉ። በመጨረሻ በጠቆረው ጎን ላይ በቁጥር 0 ብሩሽ ጫፍ አንድ ንጹሕ ነጭ ነጥብ ያስቀምጡ። ሰዎች የሚሳሳቱት ብርሃኑ በገባበት በኩል ሁሉንም በማፍካት ነው፤ ያን ጊዜ ጠብታው ጠፍጣፋ ዶቃ ይሆናል። በአንድ ሥዕል ላይ ሦስት ጠብታ ይበቃል፤ ሠላሳ ጠብታ ያለው እቅፍ ዝናብ የመታው ይመስላል።

ዝንብ፣ ጉንዳን፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የወደቀ ቅጠለ አበባ መጨረሻ ላይ ይግቡ። እነዚህ ከጌጥነት ባለፈ ዓይንን ከእቅፉ አውርደው ወደ ጠረጴዛው ስለሚመልሱ፣ ባዶውን የታች ክፍል ይሞላሉ።

ማድረቅ፣ ቫርኒሽና አደጋ

የመጀመሪያ ሥራዬን አቧራ እንዳይነካው ብዬ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሁለት ወር ቆለፍኩበት። ሳወጣው ነጭ ጽጌረዳዎቹ የቅቤ መልክ ይዘው ነበር። የተልባ ዘይት በጨለማ ውስጥ ሲደርቅ ይበልጥ ቢጫ እንደሚሆን፣ በብርሃን ግን በአብዛኛው እንደሚመለስ ያኔ አላውቅም ነበር፤ የአንትወርፑ ታላቅ ሠዓሊ ሩቤንስ እንኳ በደብዳቤው ታሽገው ስለ ቆዩ ሥዕሎቹ ፀሐይ እንዲያዩ መክሯል። ለሦስት ሳምንት መስኮት አጠገብ ባስቀምጠው ነጭነቱ አብዛኛው ተመለሰ። ስለዚህ በየሽፋኑ መካከል ሥዕሉን ብርሃን ባለበት ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ ጥቂት አዘንብለው ያድርቁት፤ አቧራው በጀርባው ላይ ያርፋል፣ ብርሃኑ ግን ይደርሰዋል።

የዘይት ጨርቅን በተመለከተ ቸልታ አይፈቀድም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን በኋላ ጨርቆቹን ውጪ ዘርግተው ያስጡ፣ ወይም በውሃ ነክረው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ።

ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀባም፤ ወፈር ያለ ብርሃን የተቀመጠበት ሥዕል ዓመት ቢጠብቅ ይሻላል። እስከዚያ አንዳንድ ቦታ ደብዝዞ ሌላው ቢያበራ፣ ደብዛዛውን በጣም ስስ የማስተካከያ ቫርኒሽ ብቻ ይንኩት። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ በር ዘግተው፣ በሰፊ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይቀቡ፤ ሊነሣ የሚችል ዓይነት መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ያረጋግጡ። በሳንቃው ጀርባ ላይ መደቡ ከምን እንደ ተሠራ፣ የትኞቹ ቀለሞችና ዘይቶች እንደ ገቡ፣ ቫርኒሹም የተቀባበትን ቀን በእርሳስ ይጻፉ፤ አንድ ቀን የሚያጸዳው ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው ጀርባውን ነው።